ስሟ ያልታተመው ተዋናይ

የቴአትር ፕሮግራም መጋረጃው ሳይከፈት የሚታተም ወረቀት ነው። ስለዚህ የሚነግረን በዚያ ምሽት መድረክ ላይ የወጣውን ሳይሆን እንዲወጣ የታሰበውን ነው። አሮጌ ፕሮግራም ሰብሳቢዎች ይህን ልዩነት ከቁም ነገር ሲቆጥሩት አላይም። የሚያሳድዱት ያልታጠፈ፣ ያልተጻፈበት፣ ቡና ጠብ ያላለበትን ቅጂ ነው። በኒውዮርኩ ብሮድዌይ የመጀመሪያው ምሽት ፕሌይቢል (የዚያ ቴአትር ፕሮግራም) ሽፋኑ ላይ ልዩ ማኅተም ያርፍበታልና ይበልጥ ይፈለጋል። እኔ ግን እንደ እሱ ወሬ የሌለው ቅጂ የለም ባይ ነኝ፤ በዚያ ዕለት ተዋናይ ታሞም ቢሆን ይመጣላ!

በ1954 እ.ኤ.አ. በሴንት ጄምስ ቴአትር የተከፈተውን «ዘ ፓጃማ ጌም» የተባለ ሙዚቃዊ ቴአትር እንውሰድ። ከተዋንያኑ አንዷ ካሮል ሄኒ እግሯን ተጎድታ ስትቀር፣ ከአጃቢ ጨፋሪዎቹ አንዷ የነበረችው ሺርሊ ማክሌን ተተካች። የፊልም ፕሮዲዩሰሩ ሃል ዋሊስ መድረክ ላይ አይቷት ለሆሊዉድ አስፈረማት። ንጹሑን ፕሮግራም የገለጠ ሰው ግን በሚናው አንጻር የሚያገኘው የሄኒን ስም ነው፤ ማክሌንን ከፈለገ ዓይኑን ወደ ታች፣ ወደ ጨፋሪዎቹ ዝርዝር መስደድ አለበት። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚመሰክረው አንድም በገጾቹ መሃል የምትሰካ ብጣሽ ወረቀት፣ አንድም የተመልካች እርሳስ ነው። ብጣሿ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዳራሹ በር አታልፍም።

ይህ ከገባቸው አንዷ እንግሊዛዊቷ ጋብሪኤል ኤንቶቨን ትመስለኛለች። ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምራ የቴአትር ሙዚየም ይቋቋም እያለች ስትወተውት ቆይታ፣ የሎንዶኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስቧን በ1924 ተረከበ። ከ80,000 በላይ የቴአትር ማስታወቂያና ፕሮግራም ነበር። እኔን ከብዛቱ ይልቅ ዛሬም የሚሠራበት አደራደር ይማርከኛል፤ መዝገቡ የዝነኞችን ስም ትቶ ቴአትር ቤቱንና ቀኑን ይከተላል። የአንድን ትርኢት የተለያዩ ቀናት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተመራማሪ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደተተካ ያነባል። ለጌጥ የሚሰበስብ ሰው ሁለተኛውን ቅጂ «ድግም ነው» ብሎ ይሸጠዋል።

የእኛ የኢትዮጵያ ቴአትር ሂስ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» እንደተከፈተ እንጽፋለን፤ ደራሲውን እንጂ ተዋንያኑን አንጠራም። ጸሐፌ ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ስናነሳም ቃሉን እንመረምራለን፤ ያ ቃል በአንድ እሑድ ከሰዓት ከማን አፍ እንደወጣ አንጠይቅም።

ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ የገዛሁት አንድ ባለአራት ገጽ ፕሮግራም አለኝ። ከላይ ሦስተኛዋ ተዋናይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዛ የሌላ ሴት ስም ተጽፏል፤ ከጎኑ «ይቺ ትሻላለች» ይላል። ነጋዴው «ተሞነጫጭሯል» ብሎ ዋጋውን ቀነሰልኝ።