ተከዜ

ከላስታ ተራሮች፣ ከቅዱስ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ሳይርቅ የሚመነጨው ተከዜ፣ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን፣ ኋላም ዳግመኛ ወደ ምዕራብ እየታጠፈ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን የተሸከመውን የስሜንን ደጋ በምሥራቅና በሰሜን ከብቦ ሲያልፍ፣ ተራራውን እንደ ታማኝ ዘበኛ የሚጠብቅ ይመስላል። በበጋ እግረኛው በመልካው የሚሻገረው ይኸው ፈሳሽ፣ ክረምት ገብቶ ጸለሪን የመሳሰሉት ገባሮቹ ደራሻቸውን ሲያፈሱበት፣ አፈር ተሸክሞና ደፍርሶ ግራና ቀኝ ያሉትን አገሮች ይለያያቸው ነበር፤ ዛሬ በድልድይ የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ሥልጣኑን በቀላሉ አያስበውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ስሙ ነው። በልሳነ ግእዝ ማናቸውም ወንዝ ተከዚ ይባላልና፣ የወንዞች ሁሉ መጠሪያ ለዚህ ለአንዱ የተጸውዖ ስም ሆኖ መገኘቱ፣ ለአክሱም ሰዎች ምን ያህል ታላቅ ፈሳሽ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛናም የኖባን ዘመቻውን በድንጋይ ባስቀረጸ ጊዜ ስሙን ሳይጠራ አላለፈም። ወደ ቆላው ሲወርድ ሰቲት ይባላል፤ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን ያንንም ትቶ፣ በአትባራ ስም ተጉዞ ከዓባይ ይቀላቀላል። ከመገናኛው በላይ ረዥሙን መንገድ የተጓዘው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ተከዜ የሚለው ጥንታዊ ስም እስከ ዓባይ ዳር አብሮት ሊዘልቅ በተገባው ነበር እላለሁ።