የሳምባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የጂን ቁጥጥር መረብ፤ ጥቂት የሂስ አስተያየት

ባክቴሪያ የሚኖርበት ሁኔታ ሲለወጥበት ከጂኖቹ አንዳንዶቹን ያሠራል፤ ሌሎቹን ያስተኛል። ይህን የሚያዝዙት በዲኤንኤው ላይ የሚያርፉ ፕሮቲኖች ናቸው። ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያሳየው ሥዕል የጂን ቁጥጥር መረብ ይባላል። በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖችን ዝምድና በእጅ መፍታት ስለማይቻል ሊቃውንት ሥራውን ለኮምፒዩተር ሰጥተውታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ጋላጋንና ባልደረቦቹ የሳምባ ነቀርሳን ባክቴሪያ መረብ ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። 50 አዛዥ ፕሮቲኖች የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ከለኩ በኋላ የጂኖቹን ሥራ የሚተነብይ ስሌት ሠሩ። የሥራውን ታላቅነት አንክድም። የምንነቅፈው እንዲህ ያለውን ሥዕል ያለቀለት እውነት አድርጎ መቀበልን ነው።

አንደኛ፣ ማረፍ ማዘዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚንችና ባልደረቦቹ የ154 ፕሮቲኖችን ማረፊያ ሲመረምሩ 16,000 ያህል ቦታዎች አገኙ። በአጠገባቸው ያለውን ጂን በቀጥታ ሲያዝዙ የታዩት ግን 1,150 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከ10,000 የሚበልጡት ከአንድም ትእዛዝ ጋር ሊያያዙ አልቻሉም። እንግዲህ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ሁሉ ትእዛዝ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም መረቦች የተሠሩት ኤች ሠላሳ ሰባት አር ቪ በተባለው የቤተ ሙከራ ዝርያ ላይ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሕመምተኛ ከተወሰደ ባክቴሪያ የመጣ ነው። የጋላጋን መረብ በወጣበት በዚያው በ2013 ደግሞ ሰባተኛው የባክቴሪያው የዘር ሐረግ በሀገራችን መገኘቱ ታወቀ፤ በብዛት የታየውም በወልድያ አካባቢ ነው። በ2015 የወጣ የአማራ ክልል ጥናት፣ ይህ ሐረግ የያዛቸው ሕሙማን ሕክምና ለመፈለግ እንደሚዘገዩ ገለጸ። ልዩነቱ ከሰዎቹ ኑሮ ነው ወይስ ከባክቴሪያው ጠባይ? መረቡ ሊጠየቅ የሚገባው ይህን ነበር።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ከደጋ ወደ ኮኪትና ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ ተጠጋግቶም ያድራል። በዚያ የሚስለው ሰው ይዞት የወረደው ባክቴሪያ የቤተ ሙከራው ዝርያ አይደለም። አዛዡን ፕሮቲን ለመምታት በመረቡ ተመርቶ የተመረጠ መድኃኒት ቢስት ዕዳውን የሚከፍለው ይህ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በማናቸውም መረብ ላይ የተለካውና የተሰላው መስመር ተለይቶ ይጻፍ። ቀጥሎም ኦክስጅን ሲያጥር 50 ያህል ጂኖችን የሚያዝዘው ዶስ አር የተባለው ፕሮቲን በሰባተኛው ሐረግ ላይ ይፈተን። በአንድ አዛዥ መጀመር ለተማሪ አቅም አይከብድም።