ጎጋን የሣለው ሸክላ

ፖል ጎጋን እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. የሣለው «የላቫል ገጽታ ያለበት የግዑዛን ዕቃዎች ሥዕል» 46 በ38 ሴንቲሜትር የሆነ አነስተኛ ሸራ ነው። በጠረጴዛው ላይ ፍራፍሬ ተቀምጧል፤ ከፍራፍሬውም ጋር ቅርጹ ያልተለመደ የሸክላ ዕቃ ቆሟል። በቀኝ በኩል ወዳጁ ሠዓሊው ሻርል ላቫል፣ ራሱ በሸራው ጠርዝ ተቆርጦ፣ ወደ ዕቃው ይመለከታል።

ሐያስያን ዘወትር የሚያነሡት የሴዛንን ውለታ ነው። አባባላቸው መሠረት አለው፤ የሴዛን ሥዕል በጎጋን እጅ ይገኝ ነበርና የፍራፍሬው ሰያፍ የቀለም አቀባብ ከዚያ የተቀዳ ነው። ላቫልን በጠርዝ መቁረጡም የኤድጋር ደጋን ዘዴ ያስታውሳል። ሸክላው ግን የጎጋን የገዛ እጁ ሥራ ነው።

በዚያው ዘመን ከሸክላ ሠሪው ከኤርነስት ሻፕሌ ጋር መሥራት ጀምሮ ነበር፤ ጭቃውንም ያለ መሽከርከሪያ በእጁ ያበጅ ነበር። በሕፃንነቱ በሊማ መኖሩን፣ እናቱም የጥንት የፔሩ ሸክላ መሰብሰቧን የሚያውቅ የባህል ተመራማሪ የቅርጹን ምንጭ ከዚያ ለመሻት ይገፋፋል። ሆኖም የልጅነት ትዝታ ብቻውን ለአንድ ዕቃ ቅርጽ በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ሥዕሉ ምሉዕ አይደለም፤ ፍራፍሬው፣ ሸክላውና የሰው ገጽታው ገና አልተዋሐዱም። ነገር ግን ሸክላ ከሥዕል በታች ይቆጠር በነበረበት ጊዜ ጎጋን የገዛ ዕቃውን ለሌላ ሠዓሊ ዓይን አቀረበ። ስለዚህ ዕቃውን እንደ ጌጥ ቈጥሮ የሚያልፈው ሐያሲ ላቫል የተመለከተውን ሳያይ ይቀራል።