ቃሊቲና የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቀረው የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። ወደፊት ሐኪም የሚሆነው ተማሪም ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊ፣ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂና ሥነ ዜጋ እንዲማር ተደርጓል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። አቀራረቡ ግን መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ ትምህርቶቹ ጎን ለጎን ተደረደሩ እንጂ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ አልተገናኙም።

ጉድለቱን ለመረዳት በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሳለ የሳንባ ነቀርሳ የተገኘበትን አንድ ታራሚ እናስብ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ የእስራት ጊዜው ግን በ3ኛው ወር ቢያበቃስ? መድኃኒቱን መምረጥ የሐኪም ድርሻ ነው። ታራሚው ወዴት እንደሚሄድ፣ የዕለት ጉርሱን ከየት እንደሚያገኝ፣ ቤተሰቡ ይቀበለው እንደሆነና የሕክምና መረጃውን ለአዲሱ ጤና ጣቢያ ማን እንደሚያደርስ ግን የማይክሮስኮፕ ምርመራ አይነግረንም። ሕክምናው ቢቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊከተል ይችላል። ሕመሙም በአጥር አይገታም፤ ጠባቂውም ጠያቂውም ማታ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዙ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦችም እስረኞች በኅብረተሰቡ ዘንድ ካለው ጋር የሚመጣጠን የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ይጠይቃሉ። ተማሪው ይህን በሥነ ዜጋ፣ መገለልን በአንትሮፖሎጂ፣ የበሽታውን ባሕርይ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በሕክምና ትምህርት ቤት ቢያገኝ፣ ሦስቱን የሚያስተሳስርለት የለም።

የመምህራን ቁጥር ማነስና የክፍሎች መጨናነቅ እንደ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኮርስ አይደለም። ከሴሚስተሩ 2 ሳምንት ተወስዶ የጤና፣ የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን አንዱን ጥያቄ በጋራ ቢያስተምሩ፣ ተማሪዎችም በቡድን አንድ ጽሑፍ ቢያቀርቡ ይበቃል። ታራሚዎችን ለትዕይንት ማቅረብም አያሻም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እንዲሠሩ ያሠለጥን ስለነበር አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ታራሚው በ3ኛው ወር በበሩ ሲወጣ የቀሩት 3 ወራት መድኃኒት አብሮት መውጣት አለበት። ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ሐኪም ማፍራት የአንደኛ ዓመት ትምህርት ሥራ ነው።