ክዳን ይቅደም

ነጭ ጤፍ የሚያበቅለው የምሥራቅ ጎጃሙ እነማይ ወረዳ ጥቁር አፈር ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ በወረዳው ከተማ በቢቸና ቤት ለሚሠራ ግንበኛ ግን ፈተና ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግድግዳም አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ልምድ ያለው ግንበኛ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይወርዳል፤ ጉድጓዱንም በገረጋንቲ እየሞላ፣ ውሃ እያጠጣ፣ በስሱ እየደለደለ ይጠቀጥቃል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ከመሬት በላይ የሚታይ ነገር የለም፤ የባለቤቱ ገንዘብ ግን ተጋምሷል።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው።

ምክንያቱ ተደራራቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ግጭት ተቀሰቀሰ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶም ፌሮም አይገባም። በዚያው ክረምት ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃም አብሮ ተወደደ።  የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ስለሚገድብ፣ ቦታውን ላለማጣት ሲል ገንዘብ ሳይሞላለት የሚጀምር አለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የግንበኛው ሙያ የሚለካው ሥራው የት ላይ ቢቆም እንደማይጎዳ በማወቁ ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ክፍቱን ክረምት ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ መሞላት፣ ዙሪያውንም ውሃ የሚያሸሽ ቦይ መቀደድ አለበት። ከኮለን አናት የወጣ ፌሮ ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፤ የሲሚንቶ ውሃ ተቀብቶ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ሥራው ሲቀጥልም በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። አርማታ መሙላት ከመጀመሩ በፊት ከረጢቱ ይቆጠራል፤ ቢሙ ተጋምሶ ሲሚንቶ ከሚያልቅ ጨርሶ ባይጀመር ይሻላል። ዋጋ እንዳይጨምር ብሎ ሲሚንቶ ገዝቶ ማከማቸትም አያዋጣም፤ ከወራት በኋላ እርጥበት እየሳበ ይጓጉላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

የማይቆም ሥራ መኖሩን ከሞጣ አቅራቢያ ያለው ሰባራ ድልድይ ያስረዳል። ይህ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ፣ በቅስት ዓባይ ላይ የተሠራ ነው። የድንጋይ ቅስት የመጨረሻው ድንጋይ እስኪገባ ራሱን አይችልም፤ የጀመረው ሰው ሳይጨርስ ደጋፊውን እንጨት ሊያነሳ አይችልም።

የጭቃ ቤት ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። የባሕር ዛፉ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ወራጁ ተዋቅሮ ቆርቆሮው ይለብሳል። ግድግዳው የሚመረገው ከዚያ በኋላ፣ ጥላ ሥር ነው። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶና ተረግጦ ቀናት ያደረው ጭቃ አንዴ ተመርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ስንጥቁ ሲታይ ሁለተኛው ምርጊት በስሱ ይከተላል። ባለቤቱ ብር ሲያጥረው አንዱን ክፍል አስመርጎ ይገባበታል፣ ሌላው በአጽሙ ይቆያል። ክዳኑ ስላለ የቀረውን ዝናብ አይነካውም።

የብሎኬት ቤት ሠሪዎች ይህን ቅደም ተከተል ሊወርሱት ይገባል። የተለመደው ግድግዳውን እስከ ጣሪያ ገንብቶ ክዳኑን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ የብሎኬቱ ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይቀበላል። ኮለኑና የላይኛው ቢም ተሞልተው ቆርቆሮው ከቀደመ ግን፣ ብሎኬቱ ክፍል በክፍል፣ ከጤፍ ሽያጭ እስከ ጤፍ ሽያጭ ሊሞላ ይችላል። ፕላኑ ሲነደፍ ጀምሮ ለዚህ መታሰብ አለበት። የእጅ ዋጋ ውሉም በጥቅል ከሚሆን በደረጃ ቢከፈል ባለቤቱንም ግንበኛውንም ከጭቅጭቅ ያድናል። የቢቸናና የሞጣ ማዘጋጃ ቤቶችም በዚህ መልክ የተነደፈ ርካሽ ፕላን ቢያዘጋጁ፣ ክዳን ያለበሰ ባለይዞታ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠይቅም በቅድሚያ ቢያዩለት፣ በጅምር የቀሩት ቤቶች ሰው ሊገባባቸው ይችላል።