ከተኩሱ በኋላ፦ በ«ድፍረት» ፊልም ልብ ሰቀላው የማን ነው?

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የመጀመሪያ ክፍሉ እንደማንኛውም ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ትንፋሽ ያሳጥራል። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይከቧታል። ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች፤ ጎጆ ውስጥ ተዘግቶባት ታድራለች። በኋላ ጠብመንጃ አንስታ ታመልጣለች። ሲደርሱባት ትተኩሳለች፤ ጠላፊዋም ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ «አሁንስ ምን ይመጣ ይሆን?» ለሚለው የተመልካች ጥያቄ መልሱ ያለው በልጅቷ እጅ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የምታደርገው አልቆ የሚደረግላት ይጀምራል።

ታሪኩን የሚረከቡት ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ሜሮን ጌትነት ትጫወታቸዋለች። ከፖሊስ ጣቢያ የሚጋፈጡት፣ ዋስትና የሚጠይቁት፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚናነቁት፣ በመጨረሻም የፍትሕ ሚኒስትሩን እስከ መክሰስ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ሂሩት ትጠብቃለች። ሂሩትን የምትጫወተው ትዝታ ሀገሬ ይህን ጥበቃ በጥቂት ቃልና በብዙ ዝምታ ስለምትይዘው ጉድለቱ ቶሎ አይታይም። ጉድለቱ ግን የድርሰቱ እንጂ የተዋናይዋ አይደለም።

የፍርድ ቤት ድራማ ጠበቃን ከመሀል ማቆሙ የዘውጉ ልማድ ነው ሊባል ይችላል። በከፊል እቀበለዋለሁ። ለአማርኛ ድራማም ትርፍ አለው፤ ውጥረቷ ከፍቅር ሳይሆን ከሥራዋ የሚመነጭ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ በብዛት የለንም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ከልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶቻችን አንዱ ነው፤ ፊያሜታንም ሆነ ሮማንን የምናውቃቸው ግን በተራኪው በፀጋዬ ዓይን ነው። ፊያሜታ እንቆቅልሽ ናት፤ እንቆቅልሹን የሚጠይቀው ወንድ ነው፣ የሚጨነቅበትም እሱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል በገዛ ፈቃዷ መንገድ ስትወጣ እንኳ የምትወጣው መነኩሴ መስላ ነው። ከእነዚህ ጎን ሲቆሙ የ«ድፍረት» ጠበቃ አዲስ ሰው ናቸው፤ ይህን መካድ ፊልሙን መበደል ይሆናል።

የፊልሙን ምርጥ ክፍል የማገኘው ግን ጠበቃዋም ልጅቷም ከሌሉበት፣ ከሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የደም ጉዳይ ይመክራሉ። የሟች ወገን ይናገራል፤ አባቷ ይማጸናል። ዳይሬክተሩ አያፌዝባቸውም፤ ጊዜ ሰጥቶ ያዳምጣቸዋል። ሕይወቷ ላይ የሚፈረድባት ልጅ በቦታው አለመኖሯ የሚያመው በዚህ ትዕግሥት የተነሳ ነው። ዘረሰናይ የሴት አለመኖር በሥዕል ምን እንደሚናገር ያውቃል ማለት ነው። የሚገርመኝ ያንኑ ባዶ ቦታ በከተማው ግማሽ፣ በቢሮዎቹና በችሎቱ መካከል አለማየቱ ነው። እዚያም ስለ ሂሩት ይመከራል፤ ልዩነቱ የሚመክሩት ወዳጆቿ መሆናቸው ብቻ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1996 በተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ጠበቃዋ በእውነተኛ ስማቸው ሲቀርቡ ልጅቷ «ሂሩት» ተብላለች። (እኔም ስሟን አልጽፍም፤ መናገሩ የራሷ ነው።) ስም መለወጥ ከለላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ ካየነው የድርሰት ምርጫ ጋር ሲደመር፣ ባለድሏ ጠበቃ በስማቸው ሲታወቁ ተኳሿ ምሳሌ ሆና ቀርታለች። ምሳሌነቱ በሕጉ ታሪክም ይታያል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። በዚህ ለውጥ ትረካ ውስጥ ልጅቷ መነሻ ናት፤ የሚጓዙት ሌሎች ናቸው።

«ድፍረት» በጥር 2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ ቀጥሎም በበርሊን። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። አቤቱታው የባለታሪኳ ነበር። ፊልሙ በኋላ ለአገሩ ተመልካች ቢደርስም፣ እግዱ እንደ ሥርጭት እክል ብቻ ተቆጥሮ መታለፉ አይዋጥልኝም። ፊልሙ ከተኩሱ በኋላ የነፈጋትን ድርጊት እሷ ከአዳራሹ ውጭ ፈጽማዋለች፤ ይህን ጊዜ በጠብመንጃ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወረቀት። ስለ «ድፍረት» የሚጻፍ ማንኛውም ትችት ያንን ወረቀት ከፊልሙ ጋር አብሮ ማንበብ ይኖርበታል።