ቁስል የሚድነው ከዳሩ ነው

«ሲስተር፣ ለምን ክፍት ትተነው አይደርቅም?»

ጠያቂዋ ለተግባር ልምምድ የመጣች የነርስ ተማሪ ናት። ታካሚው ክንዱን የፈላ ውሃ ያቃጠለው ወጣት ነው። ሲስተር ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ቁስል ማጠቢያ ክፍል አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉ ናቸው። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሌላው ሥራ ለጊዜው እንደሚቆም ባልደረቦቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። በየሰፈሩ፣ አልፎ አልፎም በየክሊኒኩ፣ «ንፋስ ይንካው፣ ይድረቅ፣ ቅርፊት ያውጣ» የሚለው ምክር ሥር የሰደደ ነው። ሲስተር ይህን ምክር አጥብቀው ይቃወማሉ።

«መሐሉን ተዪው፤ ዳሩን እዪ» አሏትና በፎርሴፑ ጫፍ ሳይነኩ አመለከቱ። በቀዩ ቁስልና በጤነኛው ቆዳ መካከል ከሁለት ሚሊሜትር የማይሰፋ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ቀዩ ላይም ነጣ ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ጣል ጣል ብለዋል። መስመሩም ነጠብጣቦቹም አዲስ ኤፒተልየም፣ ማለትም ገጽን የሚሸፍን የሕዋሳት ንጣፍ፣ ናቸው። ነጠብጣቦቹ የበቀሉት ቃጠሎው ካልደረሰባቸው የፀጉር ሥሮችና የላብ ዕጢዎች ነው፤ እነርሱም ውስጣቸው በኤፒተልየም የተለበጠ ነውና። ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ ከመሐልም ከዳርም የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ቃጠሎው ሥሮቹን ከጨረሳቸው ግን ተስፋው ዳሩ ብቻ ይሆናል፤ ሰፊ ከሆነም ከሌላ የሰውነት ክፍል ቆዳ ተወስዶ ይለጠፍበታል።

የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውፍረት በአብዛኛው የሰውነት ክፍል የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተጣብቀው የተደረደሩ ሲሆኑ የራሳቸው የደም ሥር የላቸውም፤ ምግብና ኦክስጅን ከሥራቸው ካለው አካል እየሰረገ ይደርሳቸዋል። ውሃ ከውስጥ እንዳይተን፣ ጀርም ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ ስስ ሽፋን ነው። ቁስል ሲፈጠር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ዳር ላይ ያሉት ሕዋሳት ከመሠረታቸው ጋር ያያያዟቸውን መያዣዎች ያላላሉ፤ ጠፍጠፍ ብለውም ወደ ባዶው ቦታ መሳብ ይጀምራሉ። ከኋላቸው ያሉት እየተከፈሉ ይበዛሉ። ከወዲህና ከወዲያ የመጡት ሲነካኩ ጉዟቸውን ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ መደራረብ ነው።

የሲስተር ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሕዋሳቱ የሚሳቡት እርጥብና ሕይወት ባለው ነገር ላይ ነው። በደረቀ ቅርፊት ላይ መሄድ ስለማይችሉ ከሥሩ መተላለፊያ ይፈልጋሉ፤ ቅርፊቱን ከሥጋው ጋር ያያያዘውን ኮላጅን በኢንዛይም እየቆረጡ ያልፋሉ። ቁስሉ ይበልጥ በደረቀ ቁጥር መንገዱ ወደ ጥልቀት ይወርዳል፤ ቀኑም ይረዝማል። ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። በአሳማ ቆዳ ላይ ተመሳሳይ ስስ ቁስሎች አበጅቶ ገሚሱን ለአየር ተወ፤ ገሚሱን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ። የተሸፈኑት በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ኤፒተልየም ለበሱ። በዓመቱ ሂንማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰው ቆዳ ላይ ሞክረው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ዕውቀት ዛሬም በክፍላቸው መከራከሪያ መሆኑ ሲስተርን ያንገበግባቸዋል።

ተከራካሪያቸው አንጋፋው ድሬሰር ናቸው፤ ሲስተር «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ገጠር ሠርተዋል። ዝንብና አቧራ ባለበት፣ ታካሚ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ በሚመጣበት ቦታ፣ ብዙ ሰው ያዳንኩት ቁስል እያደረቅሁ ነው ብለው ያምናሉ። «እርጥብ ነገር ይሸታል፣ ይበሰብሳል» ይላሉ፤ አዮዲን ካልነካውም ቁስሉ ታጠበ አይሉም።

ሲስተር ከዚህ ውስጥ የሚቀበሉት አለ። ደም የማይደርሰው፣ ጠቁሮ የደረቀ የእግር ጣት ቀዶ ሐኪም እስኪያየው በደረቁ መቆየት አለበት፤ እሱን ማርጠብ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። መግል የያዘ ቁስልም በፕላስቲክ አይታፈንም። ከዚህ ውጭ ግን አንዲት ስንዝር አይለቁም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ከማግኘቱ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ላይ ያጠናውን ያነሣሉ፤ ጥልቅ ቁስል ውስጥ የሚፈሰው ጠንካራ ፀረ ጀርም ከባክቴሪያው ይልቅ የሚጎዳው ሰውነትን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ነበር። ዳር ላይ የሚሳበው ሕዋስም ከእነርሱ የተሻለ መከላከያ የለውም ባይ ናቸው። ስለዚህ የሲስተር ማጠቢያ ኖርማል ሳላይን ነው፤ እሱ ከጠፋም ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ።

ከአዮዲኑ በላይ የሚያስቆጣቸው ደግሞ ደረቅ ጎዝ ነው። የተጣበቀ ጎዝ ተመንጭቆ ሲነሣ ታካሚው ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል፤ ጎዙ ላይ ግን ትኩስ ደም ይቀራል። ለእርሳቸው ያ ደም የትናንቱ አዲስ ሽፋን መላጡን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። «የዘራ ገበሬ ሥሩን ልይ ብሎ ቡቃያውን በየማለዳው አይነቅልም» አሏት ተማሪዋን። የእርሳቸው አሠራር በቁስሉ ላይ ቫዝሊን ጎዝ፣ ከላዩ ፈሳሽ የሚመጥ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ ነው። ጎዙ ካልራሰ፣ ካልሸተተ፣ ታካሚውም ካላተኮሰው ሁለት ሦስት ቀን አይነካም። ጎዝም ይቆጠባል፤ ታካሚውም የታክሲ ይተርፈዋል።

ቁስሉ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። በጠይም ቆዳ ላይ አዲሱ ሽፋን ሮዝ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ደንግጦ «ለምጽ ወጣብኝ» ብሎ ይመለሳል። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ዘግይተው፣ ከዳሩና ከፀጉር ሥር፣ እንደሚመጡ ሲስተር ቁጭ ብለው ያስረዳሉ። ጥልቅ ቃጠሎ ላይ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችልም አይደብቁም።

ሲስተር ወደዚህ ሥራ የመጡት መርጠው አልነበረም፤ ምኞታቸው አዋላጅ መሆን ነበር። በልጅነታቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀመጡ ነበር። ሰው ሳንቲሙን ከሩቅ ጣል አድርጎ ያልፋል፤ እናታቸውም በነጠላቸው ከልለው ያሳልፏቸው ነበር። ነርስ ከሆኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአለርት፣ ሥልጠና ሲወስዱ፣ የእነዚያ ሰዎች ሥጋ በራሱ እየበሰበሰ የሚወድቅ እንዳልሆነ ተማሩ። ባክቴሪያው ነርቭን ያደነዝዛል፤ የማይሰማው እግር ሚስማር ወግቶትም፣ ጫማ ልጦትም ይረግጣል። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ ሕንድ ውስጥ ቬሎር ሲሠሩ በብርቱ የተሟገቱለት ሐሳብ ይኸው ነበር። እግሩ ካረፈ፣ በጄሶ ታስሮም ጫናው ከተነሣለት፣ ቁስሉ እንደማንኛውም ሰው ቁስል ከዳሩ ይዘጋል። ሲስተር ያን ጊዜ የአንድ አዛውንት እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ያን ቀጭን መስመር ሲያዩ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሯቸው የኖረው ፍርሃት እንደለቀቃቸው ይናገራሉ። ወደ ማዋለጃ ክፍል ለመዛወር ዕድል ሲመጣም አልሄዱም።

አሁን ክፍሉን የሚያጨናንቁት የስኳር ሕመምተኞች እግር ቁስሎች ናቸው። በዳሩ ዙሪያ የደደረው ቆዳ ካልተቀረፈ፣ ጫናው ካልተነሣ፣ ስኳሩም ካልወረደ ዳሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሕዋሳቱም ባሉበት ይቆማሉ። ስለዚህ ሲስተር በየሳምንቱ የቁስሉን ርዝመትና ወርድ በማስመሪያ ለክተው ካርድ ላይ ይጽፋሉ። በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያልቀነሰ ቁስል በዚያው አያያዝ በ12 ሳምንት የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሐኪም እንደገና እንዲያየው ይልኩታል። ጋሼም በቅርቡ መለካት ጀምረዋል፤ አዮዲናቸውን ግን አልተዉም። ሲስተር ለተማሪዋ የሰጧት የቤት ሥራ የእርሳቸውንና የጋሼን ታካሚዎች ካርድ ለይታ፣ የማን ቁስል በስንት ሳምንት በግማሽ እንደጠበበ እንድታሰላ ነው። ጋሼም ይሁን ብለው ተስማምተዋል።